ዘይት የምትጥል መኪና

ቆማ ካደረች መኪና ሥር ጠብታ ካያችሁ መጀመሪያ ቀለሙን እዩት። ጥቁር ወይም ቡናማ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሞተር ዘይት ነው። አረንጓዴ ሆኖ እንደ ውሃ ከቀጠነ ከራዲያተር የመጣ ነው። ንጹሕ ውሃ ከሆነና ኤሲ ከፍታችሁ ከነበረ ተዉት፣ ምንም አይደለም። በጣት ሲነኩት የሚያሟልጭ፣ ሲያረጅ ወደ ቡናማ የሚሄድ ቀይ ከሆነ ግን ወይ የመሪው ዘይት ነው፣ ወይ የአውቶማቲክ ካምቢዮው። የመሪው ከሆነ መሪው ይከብዳችኋል እንጂ ካሰባችሁበት ትደርሳላችሁ። የካምቢዮው ከሆነ ዳገት መሃል ላይ ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ አልሄድም ትላለች።

ላሊበላ ደግሞ ከዳገት በቀር ምን አላት? ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ወገብ ላይ የተሰቀለች ከተማ ናት። ከቤት ወደ ገበያ ዳገት፣ ከገበያ ወደ ቤት ደግሞ፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ እሱም ዳገት ነው።

በየካቲት 2015 ወደዚያ የሄድኩት ለመኪና ጥገና አልነበረም። እናቴ ናት የላከችኝ። ታላቅ ወንድሟን፣ ቤታችን ውስጥ ሁላችንም «አያ» የምንላቸውን፣ መኪናቸውን ሸጠው አዲስ አበባ እንዲገቡ እንዳሳምንላት። «አንተን ይሰማሃል፣ የተማርክ ነህ» አለችኝ። የተማርኩት ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ፣ የምሠራው ሶፍትዌር ነው። ሰው ማሳመን በሁለቱም ውስጥ የለም። ግን እናቴ ሁሉን ጨርሳ ነበር የጠበቀችኝ። የጓሮውን ክፍል አስጠርጋለች። በአንድ የማውቀው ሰው ሕንጻ ላይ ለአያ የጥበቃ ሥራ ይገኝላቸው እንደሆነ እኔው ራሴ እንድጠይቅ አድርጋኛለች። ተገኝቷል። እንግዲህ ይህን ይዤ ነው አውሮፕላን ላይ የወጣሁት።

አያ ኮሮላዋን የገዟት በ2010 ነው። በፈረንጆቹ 1999 የተሠራች፣ ነጭ፣ አውቶማቲክ። ላሊበላ ውስጥ ለእንግዳ ሥራ የሚመረጠው ላንድክሩዘርና ሚኒባስ ነው፣ የአያ ስሌት ግን ሌላ ነበር። ከሹምሸሃ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ከተማው ያለው ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር አስፋልት ነው። ለእሱ ኮሮላ ትበቃለች፣ ነዳጅም አትበላም። ሁለት ዓመት በደንብ ሠሩባት። ለገና ሰሞን ምሳ የሚበሉት መሪው ላይ ሆነው እንደነበር ሲያወሩ አሁንም ፊታቸው ይበራል።

መጋቢት 2012 ኮቪድ ገባ፣ እንግዳ ቆመ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ሐምሌ 2013 መጨረሻ ላይ ከተማዋ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ስትገባ አያ ባትሪዋን ፈቱ፣ አራቱንም ጎማ አወለቁ፣ ከዘመድ ግቢ በድንጋይ ላይ አስቀምጠው ገለባ ከመሩባት። ታኅሣሥ 2014 ከተማዋ ዳግመኛ ስትለቀቅ ገለባውን ገፍፈው አዩ። መኪናዋ አለች። የምትጭነው ሰው ግን የለም። ስለዚህ አንድ ዓመት ተጨማሪ ቆመች። ጥቅምት 2015 በፕሪቶሪያ ስምምነቱ ተፈርሞ፣ ለዚያው ዓመት ገና እንግዳ ብቅ ብቅ ማለት ሲጀምር፣ አያ ባትሪ በዱቤ ገዝተው አስነሷት። ተነሳች። በሳምንቱ ከሥሯ ቀይ ጠብታ ታየ።

ይሄ የዕድል ጉዳይ አይደለም፣ ምክንያት አለው። ሁለቱን የፊት ጎማዎች የሚያዞሩት ዘንጎች ከካምቢዮው በሚወጡበት ቀዳዳ ላይ የጎማ ከንፈር ያለው ቀለበት አለ። መካኒኮቻችን ፓራኦሊዮ ይሉታል። ጣልያን የቆየው 5 ዓመት ነው፣ ቃላቱ ግን እስከ ዛሬ ከመኪናችን ሥር አልወጡም፦ ካምቢዮ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካቻቪቴ። የፓራኦሊዮው ከንፈር በቀጭን ስፕሪንግ ተወጥሮ ዘንጉን ያቅፋል። መኪናዋ ስትሄድ ዘይቱ ያርሰዋል፣ ለስላሳ ሆኖ ይቆያል። ስትቆም ዘይቱ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከንፈሩ ይደርቃል፣ እየጠነከረ ይሄዳል፣ በመጨረሻ ይሰነጠቃል። ገለባው መኪናዋን ከሰው ዓይን አዳናት። ጎማውን ግን ማንም ሊያርስላት አልቻለም።

አያ አሳሳቢነቱ የገባቸው ወደ ጋሸና ሲሄዱ ነው። ከላሊበላ ወደ ጋሸና 60 ኪሎ ሜትር አለፍ ይላል። መንገዱ ወደ ተከዜ ሸለቆ ይወርድና መልሶ ደጋው ላይ ይወጣል። ከኋላ አንዲት ምጥ የያዛት ሴት፣ እናቷና ባሏ ነበሩ። ወደ ወልድያ ሆስፒታል ሪፈር ተጽፎላታል፣ አምቡላንስ አልተገኘም። ዳገቱ መሃል ላይ ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናዋ ግን ፍጥነቷ ወረደ። አያ አቆሙ፣ ድንጋይ አስገቡባት፣ ሩብ ሰዓት ጠበቁ፣ እንደገና ነዱ። ሁለቴ እንዲህ ሆኖ ጋሸና ደረሱ፣ እዚያ ሚኒባስ ተገኘ። ልጅቷ ወልድያ ደርሳ በሰላም ተገላገለች።

የሆነው ይሄ ነው። በአውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ማርሹን የሚይዘው የዘይት ግፊት ነው። ፖምፓው ዘይቱን ከታች ካለው ሳህን ይስባል። ዘይቱ ጎድሎ መኪናዋ ስታጋድል የቀረው ዘይት ወደ አንድ ጎን ይሸሽና ፖምፓው አየር ይምጋል። ግፊቱ ይወርዳል፣ ማርሹ ያንሸራትታል። ሜዳ ላይ ብትነዷት ለወራት ላይታወቃችሁ ይችላል። ላስታ ላይ በመጀመሪያው ዳገት ትነግራችኋለች።

እኔ ስደርስ ደላላ መጥቶ ነበር። ገዢ አለ፣ ግን ዘይት ስለምትጥል ከጤነኛው ዋጋ 150 ሺህ ብር ይቀነሳል። እናቴ በስልክ «ይሽጣትና ይምጣ በቃ፣ ምን ያያል?» አለች። እኔ ደግሞ ለአያ እንዲህ አልኳቸው፦ «አያ፣ መጀመሪያ ከየት እንደምትጥል እንወቅ። ብትሸጡም ባትሸጡም ማወቁ አይጎዳም።» እውነቱን ለመናገር የተላክሁበትን ወሬ ለማቆየትም ጠቅሞኛል።

የሰፈሩ መካኒክ በእኔ ዕድሜ ያለ ልጅ ነው። የጦርነቱ ጊዜ ጋራዡ ተዘርፎ ከቀሩት ቁልፎች ጋር እንደገና የጀመረ። እሱ ጥርጣሬው የታችኛው ሳህን ጓርኒሲዮን ላይ ነበር፣ ምክንያቱም ከሳህኑ ጠርዝ ነው የሚንጠባጠበው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ብሎኖቹን አጥብቆ ይሄዳል። የእነዚያ ብሎኖች ጥብቀት ግን በቶዮታ ከ5 እስከ 8 ኒውተን ሜትር ቢሆን ነው፣ በሁለት ጣት እንደማጥበቅ በሉት። በጉልበት ከጠበቁ ቀጭኑ ሳህን ይጣመምና ያልነበረ ቀዳዳ ይፈጠራል። ደግሞ ዘይት ከሚወጣበት ቦታ አይንጠባጠብም። ወደ ታች ይወርዳል፣ ስትነዱ ነፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ ዝቅተኛው ቦታ ላይ ሲደርስ ነው የሚወድቀው። ስለዚህ ጠብታው ካለበት ሳይሆን ከላይና ከፊት ያለውን የመጀመሪያ እርጥብ ቦታ ነው መፈለግ።

ኮድ ላይም ያው ነው። ስህተቱ የሚታይበት መስመርና ስህተቱ የተፈጠረበት መስመር አንድ አይደሉም። ለመካኒኩ ይሄን ስነግረው «ታዲያ እናንተም ከሥር ትተኛላችሁ?» አለኝ። ወገባችንን የሚያመን ግን እኩል መሆኑን ተስማማን።

ሥሯን በናፍጣና በብሩሽ አጠብናት። እስኪደርቅ ጠበቅን። የአያ ልጅ፣ ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል የነበረችው፣ ከጎረቤት የሕፃን ፓውደር ለምና አመጣች። ካምቢዮው ላይ፣ ሳህኑ ዙሪያ፣ ዘንጎቹ በሚወጡበትና ወደ ራዲያተር በሚሄዱት ሁለት ቱቦዎች ላይ ነሰነስነው። አያ ከተማውን ሁለት ዙር ነድተው ተመለሱ። ልጅቷ የስልኳን መብራት ይዛ ቀድማን ገባች።

«ሳህኑ ነጭ ነው» አለች ከሥር። «እዚህ ጋ ግን ቦይ ሠርቷል።»

ቦዩ የሚጀምረው ከግራው ፓራኦሊዮ ነበር። ሁለተኛ፣ በጣም ትንሽ እርጥበት ደግሞ አንዱ የማቀዝቀዣ ቱቦ ከራዲያተሩ ጋር የሚገናኝበት ላይ። ጫፉ ደርቆ እንደ እንጨት ሆኗል፣ ፋሼታውም ዝጓል። ሳህኑ ላይ ምንም። በጣም ደስ አለኝ። ሳህኑ ነው ብለን ፈተን ቢሆን ኖሮ ጤነኛውን ነክተን በሽተኛውን ትተን ነበር የምንዘጋው።

ማታ ደላላው ዳግም መጣ። ቡና እየጠጣን ሰማንና እንዲህ አለ፦ «ምን አደከማችሁ? አንድ ጠርሙስ ማሸጊያ ጨምሩባት፣ ሥሯን እጠቧት። ሁለት ሳምንት ጠብ አትልም። ዋጋውም አይቀነስም።»

ማሸጊያ የሚባለው ነገር ውሸት አይደለም። ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሎ የደረቀውን ጎማ ያብጠዋል፣ ያለሰልሰዋል። ገና ትንሽ ለጠነከረ ጎማ ሊያግዝ ይችላል። የተሰነጠቀውን ግን አይሰፋም፣ ጊዜ ነው የሚገዛው።

አያ «በሦስተኛው ሳምንትስ?» አሉት።

«ያኔማ ያንቱ አይደለችም።»

«ገዢው የት ሊነዳት ነው?»

«ሰቆጣ መስመር።»

አያ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «የሰቆጣን መንገድ አውቀዋለሁ» አሉ። ሌላ ምንም አልተናገሩም፣ ደላላውም ሁለተኛውን ቡና ሳይጠጣ ሄደ።

እዚያ ከተማ ውስጥ ጊዜያዊ መፍትሔ ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ከውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ የተወሰኑት ላይ በ2000 ዓ.ም. ዝናብ እንዳያሰርጋቸው ትልልቅ የብረት መጠለያዎች ተተከሉ። ጊዜያዊ ናቸው ተብሎ ነው። በ2011 መጀመሪያ ነዋሪው «ክብደቱ ዓለቱን ይጎዳብናል፣ ይነሳልን» ብሎ ሰልፍ ወጥቷል። እኔ በሄድኩ ጊዜ አሁንም ቆመዋል። የሚገርመው ድሮ የፈለፈሏቸው ሰዎች ስለ ውሃ በደንብ ማሰባቸው ነው። ግቢዎቹ ወለላቸው ተዳፋት ነው፣ ውሃው የሚወጣበት ቦይ በዓለቱ ውስጥ ተቆርጧል። ውሃ መምጣቱን መከልከል አይችሉም፣ ስለዚህ መንገድ አበጁለት።

በማግስቱ አዲስ አበባ ላለ ጓደኛዬ ደወልሁ። ሶማሌ ተራ ሄዶ ሁለት ፓራኦሊዮ፣ የዘይት ቱቦና አራት ፋሼታ ገዝቶ በሚመጣ ሰው እጅ ላከልኝ። ሁለት ያልነው የግራው ካለቀ የቀኝም ዕድሜው አንድ ስለሆነ ነው። ዘይቱ፣ ዴክስሮን 3፣ ከወልድያ በአውቶቡስ ረዳት በኩል መጣ። ዕቃው ሁሉ ተደምሮ 10 ሺህ ብር አልሞላም። ሊቀነስ የነበረው 150 ሺህ መሆኑን አስታውሱ።

ሥራው አንድ ሙሉ ቀን ፈጀ። አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ መኪና በክሪክ ብቻ አንሥታችሁ ከሥሯ አትግቡ። ክሪኩ ለማንሣት ነው እንጂ ለመሸከም አይደለም፣ ዳገታም ግቢ ውስጥ ደግሞ ይባስ። ከኋላ ጎማዎች ድንጋይ፣ ከሥር ወፍራም ግንድ አስገባን። ዘይቱን ቀድተን አወጣን፦ ቡናማ ሆኗል፣ ግን የተቃጠለ ሽታ የለውም፣ የብረት ብናኝም አላየንበትም። መካኒኩ አሸተተና «ገና ነፍስ አላት» አለ። ከዚያ ጎማውን፣ መሃል ያለውን ትልቁን ዳዶ በ30 ቁልፍ፣ ከዚያ ዘንጉን። አሮጌው ፓራኦሊዮ በካቻቪቴ ሲፈነቀል ከንፈሩ በጣቴ መሃል እንደ ደረቅ ቆሎ ተሰበረ።

አዲሱን ማስገባቱ ነው ትዕግሥት የሚፈልገው። ከንፈሩ በዘይት ይቀባል። ቀለበቱ ሳያጋድል፣ ዙሪያውን እኩል መግባት አለበት። መካኒኩ በልኩ የተቆረጠ የቧንቧ ቁራጭ ነበረው፣ በእሱ ላይ በትንሽ መዶሻ መታ፣ አዞረ፣ መታ። ዘንጉ ሲመለስ አያ ራሳቸው ያዙት። የአዲሱን ከንፈር የዘንጉ ጥርስ ከቧጨረው ሥራው ሁሉ ከንቱ ነውና እንደ ሕፃን ደግፈው ነው ያስገቡት። ቱቦውን ቀየርን። ለዘይቱ ማስገቢያ ሃይላንድ ቆርጠን ከቀጭን ቱቦ ጋር አሰርን፣ 3 ሊትር ያህል ወሰደች።

አሁን የመጨረሻው ጣጣ መጣ። የካምቢዮ ዘይት የሚለካው መኪናዋ ሞቃ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹ ከፒ እስከ ኤል ደርሶ ወደ ፒ ከተመለሰ በኋላ ነው። ዘይቱ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሲደርስ ይሰፋልና ቀዝቃዛ ላይ የለካችሁት ያታልላችኋል። ከሁሉም በላይ ግን ሜዳ ላይ መሆን አለበት። ላሊበላ ውስጥ ሜዳ ከየት ይመጣል? ወደ ሹምሸሃ ወረድን፣ አያ፣ ልጃቸውና እኔ። አውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ ያለው ሜዳ ላይ አቁመን ለካን። ከላይኛው ምልክት ትንሽ ዝቅ አለ። ሩብ ሊትር ጨመርን፣ በቃ። ከልክ በላይ መሙላትም አረፋ ያመጣል።

ስንመለስ ነአኩቶ ለአብ ጋ ስንደርስ አያ መኪናዋን አቆሙ፣ ከሥሯ ሊያዩ። ደረቅ ናት። እዚያ ቤተ ክርስቲያን ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበውን ውሃ ከሥሩ ያሉት የድንጋይ ገንዳዎች ያጠራቅሙታል፣ ምእመኑ ጠበል ብሎ ይወስደዋል። አያ ወደዚያ እያዩ ተሳልመው «የእሱ ጠብታ በረከት፣ የእኔ ጠብታ ዕዳ» ብለው ሳቁ።

ያኔ ነገርኳቸው። የጓሮውን ክፍል፣ የጥበቃውን ሥራ፣ ደመወዙን ሁሉ።

አያ ወዲያው አልመለሱም። ልጃቸው ግን ከኋላ ወንበር «አባዬ ዘበኛ?» አለች፣ ቀስ ብላ።

«ነውር አይደለም» አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «እናትህ ለእኔ ብላ ነው፣ አውቃለሁ። ተርቤ ከሆነ ብላ ነው። ግን ልጄ፣ እዚህ ሌሊት ስልኬ ሲጮህ የታመመ ሰው አለ ማለት ነው። አዲስ አበባ ማን ብሎ ይደውልልኛል?»

መልስ አልነበረኝም። ሐሳባቸው ትክክል ነው ብዬም አልደመደምኩም፣ እናቴም ባዶ እጇን አልነበረም የምታወራው። የሁለት ዓመት ጾም ምን እንደሚመስል አይታለች። ብቻ የጥበቃው ወንበር ላይ ተቀምጠው ሳስባቸው እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት አልታየኝም።

የተስማማነው በሌላ ነገር ነው። ልጅቷ በጦርነቱ አንድ ዓመት ትምህርት አምልጧታል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን አዲስ አበባ እናቴ ጋ ሆና ትማር። ሐሳቡ የእሷው የልጅቷ ነበር፣ አያ እስከ ከተማው መግቢያ ዝም ብለው ነዱና «እሺ» አሉ። ለእናቴ ስነግራት መጀመሪያ አኮረፈች፣ ቀጥላ ክፍሉ መጋረጃ እንደሚያስፈልገው ነገረችኝ።

ልጅቷ የመጣችው ሰኔ 2015 መጨረሻ፣ ትምህርት ሲዘጋ ነው። አንድ ወር ቆይቶ ሐምሌ 28 በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የላሊበላ በረራ ለቀናት ተቋረጠ፣ የሞባይል ኢንተርኔት ጠፋ፣ መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ ከረመ። ጥር 2016 ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር የቤት አውቶሞቢል እንዳይገባ ከለከለ። ቀድሞም በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን ከባድ አድርጎት ነበር። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ነው የሚያዘልቀን፣ ፓራኦሊዮ እየቀየርን።

ኢንተርኔት በሌለበት የቀረው ተራ ስልክ ነው፣ እሱም ሲሠራ። ልጅቷ አባቷን ስታገኝ ሰላምታ እንኳ ሳትጨርስ «አባዬ፣ ጣለች?» ትላለች። «አልጣለችም» ይላሉ አያ። ማን እንደታመመ፣ ማን እንደወለደ፣ መንገዱ እስከየት እንደተከፈተ የምትጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው።